ሰማንያ ሰባት በመቶ ማሽን

ጩጬ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። ቧንቧውን የከፈተችው እኔ እንዳልሰማ ነው። ወይ የዋህነት! በመታጠቢያ ቤቱና በማድ ቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው፣ እንኳን ልቅሶ ትንፋሽም ያሳልፋል። በስልክ ለጓደኛዋ ነበር የምትነግራት። «ሰማንያ ሰባት በመቶውን ማሽን ነው የጻፈው አሉኝ» አለች። «ዛሬ አራት ሰዓት ኮሚቴ ፊት ቅረቢ ተብያለሁ። ጽሑፉ ከተሰረዘ ምርቃት የለም፣ ዓመቱን መድገም ነው።» ጓደኛዋ ስለኔ ጠይቃት መሰለኝ፣ «ኧረ አክስቴ አታውቅም፤ ለሷማ እንዴት ተደርጎ ይነገራል!» አለች። ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር። ቢላዋውን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ።

ጩጬ የእህቴ ልጅ ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ሦስት ሞልቷታል፣ በቁመት በአንድ ራስ ትበልጠኛለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ታይፕ፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ እሠራለሁ። በጽሕፈት መኪና ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የገጽ ዳር ተዛንፎ ሳይ ስለሚያመኝ ተማሪዎቹ እትዬ ማርጂን ይሉኛል። የጩጬንም የመመረቂያ ጽሑፍ ታይፕ ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ በእጇ ጽፋ ሦስት ደብተር ሙሉ አምጥታልኝ። ታዲያ ማሽን ከየት መጣ? ዳቦውን ሰሃን ላይ ሳስቀምጥ ነገሩ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ከስልኳ እያየች ደብተሩ ላይ ገልብጣ ሰጥታኛለች! ደሜ ፈላ። እኔን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስለቅም የምውለውን ሴትዮ፣ በገዛ እጅ ጽሑፏ ሸወደችኝ።

ቁርስ ላይ ቀና ብላ አላየችኝም። የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳለች፣ ዓይኗ ሥር አብጧል፣ ሻይዋን ታማስላለች እንጂ አትጠጣውም። «ዛሬ ምን አለሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። «ለምንም ነው ቀሚስ የሚተኮሰው?» ብላት፣ «ላይብረሪ እሄዳለሁ» አለች። ለላይብረሪ ቀሚስ የምትተኩስ ልጅ አሳድጌ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናገራት ነበር፤ አፌ ለነገር አይሰንፍም። ግን ያቺን ያበጠች ዓይኗን ሳይ ዳቦውን ወደ እሷ ገፋሁላት። ከዚያ ሰሃኗን ራሷ አጠበች፣ ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች። መሳሟ ባሰብኝ።

ሱቄ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ናት። በር ላይ ፎቶ ኮፒው፣ ከጀርባው ሁለት ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ጥግ እስከ ጣሪያ ድረስ ካርቶን። ካርቶኖቹ ውስጥ ታይፕ ያደረግኩት ረቂቅ ሁሉ አለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አልጥልም፣ ጠፋብኝ ብሎ የሚመጣ አይታጣማ። በሩን ገና ከመክፈቴ አንድ ቀጭን ተማሪ የመጨረሻ ገጹን ሊያስወጣ መጣ። የአንድ ገጽ ዋጋ የግማሽ ሻይ መሆኑን ስነግረው እንደተለመደው «ኧረ እትዬ፣ ጨመሩ» አለ፤ እኔም እንደተለመደው «ወረቀቱን ሂድና ጠይቀው» አልኩት። ገጹ የማረጋገጫ ቅጽ ነበር። «ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» ስለው፣ «አዲሱ መመሪያ ነዋ» አለኝ። «ኤ.አይ. የተጠቀመ ተጠቅሜያለሁ ብሎ ይፈርማል። ሳይፈርም የተገኘበት ይሰረዛል። ከኛ ክፍል አንዷን ይዘዋታል አሉ፤ ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ።» ሒሳቡን ሳልቀበለው ሄደ። ጎበዝ ልጅ ነበረች ሲል፣ ነበረች የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱቁን ዘጋሁ። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ስዘጋ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እስካሁን ማንም» አልኩት። መንገዱን ሙሉ ለጩጬ የምላትን ስደረድር ነበር። እኔ ቤት እየኖርሽ? እኔ ጣቴ እስኪቆለመም ታይፕ እየመታሁ ያስተማርኩሽ? ኮሚቴው ያለበት ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ግን ትንፋሼም ቁጣዬም አልቆ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የቆመችውን ጸሐፊ ሳይ፣ ልለምናቸው እንደመጣሁ ገባኝ። እኔ ለምኜ አላውቅም። ለሷ ስል ግን ምንጣፉ ላይም ቢሆን እንበረከካለሁ ብዬ ገባሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተተከለ ስክሪን፣ መስኮቱ አይከፈትም። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉት ሴት ሰብሳቢዋ ናቸው። ግራቸው የጩጬ አማካሪ የሆኑት ሽማግሌ፣ ቀኛቸው ኮምፒውተር የታቀፈ ወጣት መምህር። ጩጬ ፊት ለፊታቸው ነበረች። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ሰብሳቢዋ «እርስዎ ማን ነዎት?» አሉኝ። «ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ተያዩና፣ «ይቀመጡ፣ ግን አይናገሩም» አሉኝ። ለኔ አትናገሪ ማለት ለዝናብ አትውረድ እንደማለት ነው፤ ቢሆንም ተቀመጥኩ።

የጥናቱ ርዕስ ስለ ወረፋ ነው፣ ሰው ጤና ጣቢያ ተራ ሲጠብቅ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚሆን። ወጣቱ መምህር ጽሑፉን ስክሪኑ ላይ አወጣው። መርማሪው ፕሮግራም ማሽን የጻፈው ነው ያለው ሁሉ ቢጫ ተቀብቷል፤ ገጹ የሰናፍጭ ጠርሙስ የተራገፈበት መሰለ። ማንበብ ጀመረ፦ «ወረፋ የዜጎችን ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን የእርስ በርስ መተሳሰባቸውንም ጭምር ከማሳየት አንጻር የላቀ ሚና ይጫወታል።» እንዴት ደስ ይላል ብዬ አሰብኩ። ቀጠለ፦ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ጉዳዩ ዘርፈ ብዙ ገጽታዎች ያሉት ከመሆኑ አኳያ ሁለንተናዊ ምላሽ የሚያሻው ነው።» ይሄም የታወቀኝ መሰለኝ። ሦስተኛው «በመሆኑም» ብሎ ሲጀምር የራሴን እጅ አወቅኩት። ያ ሁሉ ቢጫ የኔ ነው!

እንዴት መሰላችሁ። እኔ ታይፕ ስመታ በጭንቅላቴ አላነብም፣ ጣቴ ነው የሚያነበው። ያነከሰ ዓረፍተ ነገር በአንድ በኩል ይገባል፣ ሱፍና ከረባት ለብሶ በሌላ በኩል ይወጣል። የሥራ ማመልከቻ፣ የሐዘን መግለጫ፣ የቀበሌ ማኅበር ሪፖርት፣ የፍቅር ደብዳቤ ሳይቀር እንደዚያው ነው። ማንም አድርጊልኝ አላለኝም፣ ማንም ለምን አደረግሽ ብሎኝም አያውቅም። «እትዬ ማርጂን አሳመረችልን» ይላሉ እንጂ። ልማድ ክፉ ነው፤ ሰው የሚያስነጥሰውን ያህል እንኳ አስቤበት አላውቅም።

ሰብሳቢዋ ጩጬን «ማሽን ተጠቅመሻል?» አሏት። «አልተጠቀምኩም» አለች። «ታዲያ ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «ካንቺም ካልሆነ፣ ከማሽንም ካልሆነ፣ ማን ጻፈው? ልጄ፣ ካልተናገርሽ እኮ ልንረዳሽ አንችልም።» ጩጬ ቀሚሷን በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አንዴም ወደ እኔ አላየችም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ። ታውቃለች! ከመጀመሪያው ታውቃለች። የአክስቴ እጅ ነው ከምትል ዓመቷ ቢቃጠል መርጣለች። እኔ ደግሞ ጠዋት ሌባ አድርጌ ፈርጄባት ነበር። ብድግ አልኩ።

«ማሽኑ እኔ ነኝ» አልኩ።

ጩጬ «አክስትዬ፣ ተይ!» አለች። የምን መተው! ከአፌ ወጥቷል። ሦስቱን ደብተር፣ ጣቴን፣ ሱፍና ከረባቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ወጣቱ መምህር በትሕትና ሳቅ አለና፣ «እናቴ፣ ፍቅርዎ ይገባኛል፣ ግን ሰው እንደዚህ አይጽፍም። የሚመረምረው ማሽን የሚሳሳተው ከስንት አንዴ ነው» አለኝ። ሰው አይጽፍም! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ነበር ታዲያ? ልመልስለት ስል ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ያረፈው ጥራዝ ላይ ወደቀ። አረንጓዴ ሽፋን፣ ጥቁር ስፓይራል፣ ዳሩ ልክ ሦስት ሴንቲ። ከፊቱ ላይ «ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ስለመጠቀም የወጣ መመሪያ» ይላል። ከሁለት ወር በፊት የዚሁ ቢሮ ጸሐፊ ፕሪንተራችን ተበላሸ ብላ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ይዛልኝ መጥታ ነበር። እኔ ነኝ የጠረዝኩት፤ ከመጠረዜ በፊት ደግሞ ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«የኔ ልጅ» አልኩት፣ «እስቲ ይሄን መመሪያችሁን ለማሽንህ አቅምሰው።»

ወጣቱ ወደ ሰብሳቢዋ አየ። ሰብሳቢዋ «ይሁን» አሉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፋይሉን ፈልጎ አስገባው። ጩጬ ቀሚሷን ማጠፏን አቆመች። ወጣቱ መነጽሩን አስተካከለ፣ እንደገና አስገባው፣ ጆሮው ቀላ። ሽማግሌው አማካሪ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩና፣ «ዘጠና አራት በመቶ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ። ሳቃቸው ትከሻቸውን ሲንጠው ሰብሳቢዋም አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። «እንግዲህ መመሪያውን ማሽን ጽፎታል፣ እንሰርዘው?» አሉ አማካሪው እንባቸውን እየጠረጉ። እኔ አልሳቅኩም። ማሽን መሆን እንደዚህ ያኮራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢዋ መሐረቡን አጠፉና ጥራዙን ገለጡ። ሳቁ ከፊታቸው ሄደ። «የማሽኑ ክስ ተነሥቷል» አሉ። «ግን አንቀጽ ዘጠኝ ከማንኛውም አካል የተገኘ እገዛ ይገለጽ ይላል፤ አክስትም አካል ናት። ይህ ጽሑፍ የማሽን አይደለም፣ የተማሪዋም አይደለም። ደብተሮቹ የት አሉ?» ሱቄ ካርቶን ውስጥ እንዳሉ ነገርኳቸው። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት የውጤት ማስረከቢያው ይዘጋል። እስከዚያ ደብተሩ ላይ እንዳለው ተጽፎ ይምጣ፣ ደብተሮቹም አብረው። እንዳለ ነው ያልኩት። ያነከሰውም እንዳነከሰ ይግባ።» ጩጬ «እኔ በሁለት ጣት ነው የምመታው፣ አልደርስም» አለች። ሰብሳቢዋ በመነጽራቸው አናት አዩኝ። «እርስዎ ምንም ሳይነኩ መጻፍ ይችላሉ?» አሉኝ። «ለምን አልችልም!» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ሱቅ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ጩጬ ደብተሮቹን ከካርቶን አውጥታ ከፊቴ ዘረጋችልኝ፣ ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች። ኧረ ምን ያለ ፈተና ነው! «ሰው ወረፋ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጀርባ ነው» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ጣቴ «ከመሆኑ አንጻር» ሊል ሲሄድ በግራ እጄ ያዝኩት። በየመስመሩ እንደዚያው። ጩጬ ስክሪኑን እያየች «አክስትዬ!» ትለኛለች፣ እኔ «አየሁት፣ አየሁት» እያልኩ አጠፋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ እሷ ኮፒ ታነሣለች። ገጽ አሥራ አምስት ላይ እጄን አቆምኩና፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። የፎቶ ኮፒውን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች። «ምን ልበልሽ? ያሳመርሽልኝ አበላሸኝ ልበልሽ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይንሽን እያሸሽ ነው የጻፍሽልኝ።» «እኔ ጠዋት ምን እንዳሰብኩብሽ ብታውቂ» ስላት፣ «አውቃለሁ» አለች፣ «ዳቦውን እንዴት እንደቆረጥሽው አይቻለሁ።» ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ሳቄ ውስጥ ትንሽ እንባ ነበረበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማረጋገጫ ቅጹን ወስዳ ልትሞላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባች። ብቻዬን ቀረሁ። አሁን እጄ ለምዷል፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይፕ እየመታሁ አነበብኩ። ልጅቱ ምን ዓይነት ዓይን አላት! ሦስተኛው ደብተር መካከል ግን አንድ ቦታ ደርሼ እጄ ቆመ። እንዲህ ይላል፦

«አንዲት ሴትዮ አለች። ተራዋ አሥራ ሁለት ነበር። መጀመሪያ ልጅ ላዘለች ሰጠች። ከዚያ ለሽማግሌ። ከዚያ ደግሞ ምንም ላልሆነ፣ ዝም ብሎ ለሚቸኩል ሰውዬ ሰጠች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ተሽሎኛል ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። አልተሻላትም። ስታስል በግድግዳው እሰማታለሁ። ይሄ ጥናት ውስጥ ይጻፍ አይጻፍ አላውቅም። ግን ይህን ርዕስ የመረጥኩት ተራ ለሚሰጡ ሰዎች ማን ተራ እንደሚሰጣቸው ማወቅ ፈልጌ ነው።»

በጥቅምት ነበር፤ ለደረቴ ጤና ጣቢያ የሄድኩ ቀን። ጩጬ ሥራ አለኝ ብላ ደብተሯን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እኔ ትምህርቷን የምታጠና መስሎኝ። በፊት ያተምኩትን ገለጥኩና ይህን ቦታ ምን እንዳደረግኩት አየሁ። «አንዳንድ ተገልጋዮች ተራቸውን ለሌሎች አሳልፈው ሲሰጡ ተስተውሏል» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። የልጄን ጭንቀት በአንድ መስመር አስተውዬ አልፌዋለሁ። ማሽን ቢሉኝ ምን ያንሰኛል! እንባዬ መጣ፣ ተናፈጥኩ፣ ቃል በቃል እንዳለ ጻፍኩት። አልተሻላትም የሚለውንም ጻፍኩ። እዚያ ላይ ግን እጄ አላስቻለውም፤ ወደ በሩ አየሁና አንዲት መስመር ጨመርኩ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ሁለተኛው ገጽ ወጣ። ጠረዝኩት፣ ጩጬ ከደብተሮቿና ከቅጿ ጋር አቅፋው በሩጫ ወጣች። ቅጹ ላይ «የተገኘ እገዛ» ከሚለው ጎን «አክስቴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ» ብላ ሞልታለች። ጫማ ሰፊው ስትሮጥ አይቶ «ማን ሞተ?» አለኝ ደግሞ። «ዝም በል አንተ፣ ጸልይ» አልኩት። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ የጠራውን መስታወት ወለወልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። አንዲቷ መስመር ደረቴን ትቧጥጠኝ ጀመር። እንዳለ ተብዬ ሳለ! ልጅቱን በገዛ እጄ ለሁለተኛ ጊዜ ገደልኳት ብዬ ቁጭ ብድግ ስል፣ እሷ በመንገዱ ማዶ ብቅ አለች። እየተራመደች ነው፣ ፊቷ አይነበብም።

«ምን አሉ?» አልኳት ገና ሳትገባ።

«ተቀበሉኝ። እመረቃለሁ» አለችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እልልታዬን ጫማ ሰፊው ሰማው። አቅፌያት ስጨርስ፣ «ማሽኑስ?» አልኳት። «ሦስት በመቶ አለ።»

ዓይኔን ወደ ፕሪንተሩ መለስኩ። «ሦስቷ ደግሞ ከየት መጣች?» አልኩ።

ጩጬ ከቦርሳዋ አንድ ገጽ ኮፒ አወጣች። አንዷ መስመር በቀይ ተሰምሮባታል። ቆማ፣ ጉሮሮዋን አጥርታ፣ እንደ ዜና አንባቢ አነበበችልኝ፦ «ግለሰቧ በመጪው ሰኞ ወደ ጤና ጣቢያው እንደምትመለስና ተራዋንም ለማንም አሳልፋ እንደማትሰጥ ከታማኝ ምንጭ ለማረጋገጥ ተችሏል።»

ወለሉ ቢከፈት እገባ ነበር። «ሰብሳቢዋ ተቆጡ?»

«መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የፊተኛውን አንቀጽ ደግመው አነበቡት። ‹ይህን እንደ እገዛ አልቆጥረውም፣ እንደ መረጃ ነው የምቆጥረው› አሉ። ‹ግን ታማኝ ምንጯ ሰኞ ካልሄደች ጥናቱ ሐሰት አለበት ብዬ እመልሰዋለሁ በያት› አሉኝ።»

«እሄዳለሁ» አልኩ። «ጠዋት በር ሳይከፈት እዚያ ነኝ።»

«እኔም እመጣለሁ» አለች ጩጬ፣ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች። «የወረፋ ቁጥርሽን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።»